ከአረንጓዴ ሣር ቢጫ ቅቤ፦ ቅጠል ውስጥ የተሸሸገው ቀለም ምን ይሠራል?

ክረምት ገብቶ ሣሩ ሲለመልም ቅቤው ቢጫ ይሆናል። በጋ ላይ ላሟ ገለባና ድርቆሽ ስትበላ ደግሞ ይነጣል። ደሴ ገበያ ላይ ቅቤ የሚያማርጥ ሰው ይህን ልዩነት ሳያውቀው አይቀርም። ላሟ በክረምት የበላችው ግን አረንጓዴ ሣር ነው። ታዲያ ቢጫው ከየት መጣ?

ከራሱ ከሣሩ ነው። አረንጓዴ ቅጠል ሁሉ ውስጡ ቢጫና ብርቱካናማ ቀለም አለው። አረንጓዴው ስለሚበዛ ሸፍኖት ነው እንጂ ሁሌም እዚያው አለ። ላሟ ሣሩን ስትፈጨው አረንጓዴው ይፈራርሳል። ቢጫው ስብ ውስጥ የሚሟሟ ስለሆነ ወደ ወተቷ ስብ ይገባል። ሣር ታጭዶ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ደግሞ አብዛኛው ቢጫ ቀለም ይጠፋል። የበጋ ቅቤ የሚነጣው ለዚህ ነው። (ቅቤ ቢጫ ስለሆነ ብቻ ንጹሕ ነው ማለት ግን አይደለም። ባዕድ ነገር የሚቀላቅሉትም ቀለም የመጨመር ዘዴ አያጡም።) የፍየል ወተት ሣሩ ምን ቢለመልም ነጭ ነው። ፍየል ቀለሙን ወደ ቫይታሚን ኤ ለውጣ ትጨርሰዋለች።

ይህ ቀለም ካሮቲኖይድ ይባላል። ብዙዎቻችን የምናውቀው "ካሮት ለዓይን ጥሩ ነው" ሲባል ሰምተን ነው። ባዮሎጂ የተማረ ሰው ደግሞ "ረዳት ቀለም" ተብሎ በአንድ መስመር ሲታለፍ ያስታውሰዋል። በአንድ መስመር የሚታለፍ ነገር ግን አይደለም። ካሮቲኖይድ ብርሃን ይይዛል። የያዘውን ለክሎሮፊል ያስተላልፋል። ብርሃን ሲበዛ ደግሞ ትርፉን በሙቀት መልክ ያስወግዳል። ሦስቱንም የሚሠራው በአንድ የአካሉ ክፍል መሆኑ ነው ነገሩን የሚያስገርመው።

ካሮቲኖይድ ምንድን ነው?

ከመነሻው እንጀምር። ተክል ከፀሐይ ብርሃን፣ ከውሃና በአየር ውስጥ ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስኳር ይሠራል። ይህ ሂደት ፎቶሲንተሲስ ነው። የአማርኛ መማሪያ መጻሕፍት ብርሃን አስተጻምሮ ይሉታል። ሥራው የሚጀምረው ብርሃንን በመያዝ ነው። ብርሃን የሚይዘው ደግሞ ቀለም ያለው ሞለኪውል ነው። ዋናው ያዥ ክሎሮፊል ሲሆን ቅጠሉን አረንጓዴ ያደረገውም እሱ ነው። ካሮቲኖይዶች ከጎኑ ተሰክተው ይቀመጣሉ።

ካሮቲኖይድ የቤተሰብ ስም ነው። እስከ ዛሬ የታወቁት አባላት ከ1,000 በላይ ናቸው። ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተሠሩት ካሮቲን ይባላሉ፤ ቤታ ካሮቲን ከእነዚህ አንዱ ነው። ኦክስጅን የገባባቸው ዛንቶፊል ይባላሉ፤ ሉቲን፣ ቫዮላዛንቲንና ዚያዛንቲን ከዚህኛው ወገን ናቸው። የእንቁላል አስኳል ቢጫ የሚሆነው በሉቲንና በዚያዛንቲን ነው። ዶሮዋ ራሷ አትሠራቸውም፤ ከቅጠልና ከቢጫ በቆሎ ነው የምታገኛቸው። የበርበሬው ቅላት በዋናነት ካፕሳንቲን ነው። የቲማቲሙ ደግሞ ላይኮፒን።

ካሮቲንን ከካሮት ለይቶ ያወጣው ሃይንሪሽ ቫከንሮደር የሚባል ጀርመናዊ ነው። ጊዜው 1831 ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የቤታ ካሮቲንን ትክክለኛ ቅርጽ ለማወቅ ግን ከዚያ በኋላ አንድ ምዕተ ዓመት ገደማ ፈጀ። ይህን የሠራው የስዊዘርላንዱ ኬሚስት ፖል ካረር ሲሆን በ1937 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

ቅርጹ ምን ይመስላል? 40 ካርቦኖች ያሉት ቀጭን ሰንሰለት ነው። ርዝመቱ 3 ናኖሜትር ገደማ ነው። አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በሰንሰለቱ ላይ ካርቦኖቹ የተያያዙበት ትስስር አንዱ ነጠላ፣ ቀጣዩ ድርብ፣ እንደገና ነጠላ፣ እንደገና ድርብ እያለ ይሄዳል። እንዲህ ሲፈራረቅ አንዳንድ ኤሌክትሮኖች በሁለት ካርቦኖች መካከል ተወስነው መቀመጣቸው ይቀራል። በተፈራራቂው መስመር ሁሉ ይሰራጫሉ። መስመሩ በረዘመ ቁጥር እነሱን ለማነቃቃት የሚያስፈልገው ኃይል ያንሳል።

ቀለሙ የሚመጣውም ከዚህ ነው። ተክሉ መጀመሪያ የሚሠራው ፋይቶይን የሚባለውን ነው። እሱ ያሉት በዚህ መልክ የሚፈራረቁ ተከታታይ ድርብ ትስስሮች ሦስት ብቻ ናቸው። ለዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ስለሚይዝ ለእኛ ቀለም የለውም። ተክሉ ድርብ ትስስር እየጨመረበት ሲሄድ ሞለኪውሉ መጀመሪያ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያ ይደምቃል። ቤታ ካሮቲን ላይ ሲደርስ ድርብ ትስስሮቹ 11 ናቸው። አሁን ሰማያዊ ብርሃን ይይዛል። ሰማያዊው ተይዞ ሲቀር ወደ ዓይናችን የሚደርሰው ብርቱካናማና ቢጫ ይሆናል። ይህን ሰንሰለት አንባቢ በአእምሮው ይያዝልኝ፤ እስከ መጨረሻው ስለ እሱ ነው የምናወራው።

ኅዳር ላይ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ግራና ቀኙ ማሳ ቢጫ የሚሆነውም አዲስ ቀለም ተሠርቶ አይደለም። አዝመራው ሲደርስ ተክሉ ክሎሮፊሉንና ከእሱ ጋር ያሉትን ፕሮቲኖች ያፈርሳል። ናይትሮጅኑን አውጥቶ ወደ ፍሬው ይልከዋል። ሽፋኑ ሲነሳ ድሮም የነበረው ቢጫ ይታያል። የማንጎ ለጋ ቅጠል ቅላት ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም። እሱ አንቶሳያኒን የሚባል ሌላ ቀለም ነው።

ክሎሮፊል እያለ ሌላ ቀለም ለምን አስፈለገ?

ክሎሮፊል ሁሉንም ብርሃን እኩል አይይዝም። የምናየው ብርሃን ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ባለው የሞገድ ርዝመት ውስጥ ይገኛል። ዳር ያለው ሰማያዊ ሐምራዊ ነው፤ ሌላው ዳር ቀይ ነው። ክሎሮፊል ኤ አጥብቆ የሚይዘው 430 እና 660 አካባቢ ያለውን ነው። ወንድሙ ክሎሮፊል ቢ ደግሞ 450 እና 640 አካባቢ ይይዛል። በመካከል ያለው ብርሃን ያመልጣቸዋል። ካሮቲኖይዶች ከ400 እስከ 500 አካባቢ ይይዛሉ። በተለይ ክሎሮፊል ደካማ በሆነበት በሰማያዊና በአረንጓዴ መካከል ያለውን ይወስዳሉ።

ክፍተቱ ሙሉ በሙሉ አይደፈንም። ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ የሚታየንም ለዚህ ነው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። "አረንጓዴ ብርሃን ለተክል አይጠቅምም" ይባላል። ልክ አይደለም። ብርሃኑ ቅጠሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲንጸባረቅ ቀለሞቹን ደጋግሞ ስለሚያገኛቸው ከአረንጓዴውም አብዛኛው ይያዛል። የሚመለሰው ከሌሎቹ ስለሚበልጥ ብቻ ነው ዓይናችን አረንጓዴ የሚያየው።

ውሃ ውስጥ የካሮቲኖይድ ጥቅም ይበልጥ ይጎላል። ውሃ ቀይ ብርሃንን ቶሎ ይውጣል። ስለዚህ ጠለቅ ያለ ቦታ ላይ የሚኖር አልጌ ክሎሮፊል የሚወደው ቀይ ብርሃን አይደርሰውም። ከደሴ በስተሰሜን ያለው የሐይቅ ከተማው ሐይቅ ውስጥ ዳያተም የሚባሉ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች አሉ። የዳያተሞች ቀለም ቡናማ ነው። ምክንያቱም ፉኮዛንቲን የሚባል ካሮቲኖይድ አላቸው። ፉኮዛንቲን አረንጓዴ ብርሃንን ሳይቀር ይይዛል። ይህን እንደ ቀላል ነገር አንየው። በምድር ላይ ከሚካሄደው ፎቶሲንተሲስ አንድ አምስተኛ ገደማ የሚሆነውን የሚሠሩት ዳያተሞች ናቸው።

የያዘውን ብርሃን እንዴት አድርጎ ያስተላልፋል?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ካሮቲኖይድ ራሱ ስኳር አይሠራም፤ ውሃም አይሰነጥቅም። ያገኘውን ኃይል ለክሎሮፊል መስጠት አለበት። እንዴት ይሰጣል? ብዙ ሰው ብርሃኑን መልሶ የሚያበራለት ይመስለዋል። አይደለም። ኤሌክትሮኑንም አንስቶ አይሰጠውም። የሚሻገረው መነቃቃቱ ብቻ ነው።

የአምባሰልና የባቲ ቅኝት አገር ነንና ክራርን ላንሳ። ሁለት ክሮች አንድ ዓይነት ድምፅ እንዲሰጡ ተቃኝተዋል እንበል። አንዱን ሲመቱት ሌላው ማንም ሳይነካው ይንቀጠቀጣል። ቅኝታቸው ካልገጠመ ግን ምንም ቢመቱት ያኛው ዝም ይላል። ካሮቲኖይድና ክሎሮፊልም እንዲሁ ናቸው። የአንዱ የኃይል መጠን ሌላው ሊቀበለው ከሚችለው ጋር ሲገጥም መነቃቃቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። ክራር ላይ ድምፁ በአየርና በእንጨቱ በኩል ነው የሚሻገረው፤ እዚህ ግን በመካከላቸው የሚጓዝ ነገር የለም። የአንዱ ኤሌክትሮኖች ሲወዛወዙ የኤሌክትሪክ ግፊታቸው የጎረቤቱን ኤሌክትሮኖች ያወዛውዛል። የመጀመሪያው በዚያው ቅጽበት ይረጋጋል። የዚህን ዓይነቱን ዝውውር ስሌት ቴዎዶር ፎርስተር በ1948 አሳትሞታል።

ቅኝት ብቻ አይበቃም። ቅርበትም ያስፈልጋል፤ አቀማመጥም ያስፈልጋል። ስለዚህ ቀለሞቹ ቅጠሉ ውስጥ እንደ ልብ አይንሳፈፉም። ፕሮቲን ውስጥ ተሰክተው በቦታ በቦታቸው ተይዘዋል። በአረንጓዴ ተክሎች ዋናው ብርሃን ሰብሳቢ ፕሮቲን ሦስት ተመሳሳይ ቁርጥራጮች አንድ ላይ የተጣመሩበት ነው። በእያንዳንዱ ቁርጥራጭ ውስጥ 14 ክሎሮፊልና 4 ካሮቲኖይድ አሉ። ከአራቱ ሁለቱ ሉቲን ናቸው። መሐል ላይ ተጠላልፈው ፕሮቲኑን ደግፈው ይዘውታል። ያለ ካሮቲኖይድ ፕሮቲኑ ቅርጹን አይይዝም። የቻይና ሳይንቲስቶች በ2004 ከስፒናች ያወጡትን ይህን ፕሮቲን አቶም በአቶም ሲያሳዩ ካሮቲኖይዶቹና ክሎሮፊሎቹ ሊነካኩ ምንም ያልቀራቸው መሆኑ ታየ። ከአንድ ናኖሜትር ያነሰ ርቀት ነው ያላቸው።

ይህን ያህል መቀራረብ ለምን? ጊዜ ስለሌለ። ሴኮንድን ለትሪሊዮን ከፍለን አንዱን ክፍል ፒኮ ሴኮንድ እንበለው። ካሮቲኖይድ ሰማያዊ ብርሃን ሲይዝ ወደ አንድ ከፍተኛ የኃይል እርከን ይወጣል። እዚያ የሚቆየው የአንድ ፒኮ ሴኮንድ አንድ አስረኛ ወይም ሁለት አስረኛ ብቻ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ካላቀበለ ወደ ታችኛው እርከን ይወርዳል።

ታችኛው እርከን አስቸጋሪ ነው። ብርሃን ካሮቲኖይድን በቀጥታ ወደዚህ እርከን ማድረስ አይችልም። ሞለኪውሉ ሁለቱ ጎኖቹ ተመሳሳይ በመሆናቸው የፊዚክስ ሕግ አይፈቅድለትም። እዚያ የሚገባው ከላይ ሲወርድ ብቻ ነው። በብርሃን ስለማይደረስበትም ለረጅም ጊዜ መኖሩ ራሱ አልታወቀም ነበር። ተመሳሳይ ሰንሰለት ባላቸው ሞለኪውሎች ላይ ብሩስ ሀድሰንና ብራያን ኮህለር ያሳዩት በ1972 ነው። ካሮቲኖይድ እዚህ እርከን ላይ 10 ፒኮ ሴኮንድ ያህል ይቆያል። ከላይኛው ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ጊዜ ነው። ከዚህም ወደ ክሎሮፊል ማስተላለፍ ይችላል። ዳያተሞች በብዛት የሚጠቀሙት ይህን ሁለተኛ ዕድል ነው።

ከሁለቱ እርከኖች ተደምሮ ምን ያህሉ ይደርሳል? እንደ ካሮቲኖይዱና እንደ ፕሮቲኑ አሠራር ይለያያል። ከ30 በመቶ ገደማ ጀምሮ ከ90 በመቶ በላይ የሚያደርሱም አሉ። ያልደረሰው ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

ክሎሮፊል ከተቀበለ በኋላ መንገዱ ይቀላል። ክሎሮፊል መነቃቃቱን ለጥቂት ሺህ ፒኮ ሴኮንድ ይዞ መቆየት ይችላል። እሱ ለጎረቤቱ ክሎሮፊል፣ ያም ለቀጣዩ እያቀበሉ የፎቶሲንተሲስ ማዕከል ላይ ያደርሱታል። ኤሌክትሮን በእውነት ከቦታው ተነቅሎ የሚሄደው እዚያ ነው። ውሃ ተሰንጥቆ የምንተነፍሰው ኦክስጅን የሚወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሰማያዊ ብርሃን ከቀይ የበለጠ ኃይል ይዞ ይመጣል፤ ማዕከሉ ሲደርስ ግን ትርፉ መንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ በካሮቲኖይድ በኩል የገባው ሰማያዊና በክሎሮፊል በኩል የገባው ቀይ ማዕከሉ ላይ እኩል ሥራ ይሠራሉ።

ይህን ማን አይቶት ነው?

በፒኮ ሴኮንድ የሚለካ ካሜራ ከመምጣቱ በፊት ነው የታወቀው። ዘዴው ቀላልና ብልጠት ያለበት ነበር። ክሎሮፊል ከያዘው ብርሃን ጥቂቱን መልሶ ቀይ አድርጎ ያበራዋል። ካሮቲኖይድ ግን ጊዜ ስለሌለው ከቶ አያበራም ማለት ይቻላል። እንግዲህ አልጌው ላይ ካሮቲኖይድ በብዛት የሚይዘውን ቀለም ብርሃን እናብራበት። ቀዩ የክሎሮፊል ብርሃን ከታየ ኃይሉ ተሻግሯል ማለት ነው። ደተን፣ ማኒንግና ደገር የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1943 ይህንኑ ዳያተም ላይ ሞከሩት። ቀዩ ብርሃን ታየ። ፉኮዛንቲን የያዘው ኃይል በክሎሮፊል በኩል ወጣ።

ቀዩን ብርሃን ቤት ውስጥም ማየት ይቻላል። ቆስጣ ተቀጥቅጦ በአልኮል ይዘፈዘፍና ይጣራል። ጨለማ ክፍል ውስጥ የሐሰት ብር መለያ ሐምራዊ መብራት ሲበራበት አረንጓዴው ፈሳሽ ደም የመሰለ ቀይ ይሆናል። (አልኮል እሳት ይወዳል፤ ምድጃ አጠገብ አይሁን።) እዚያው ፈሳሽ ውስጥ ነጭ ወረቀት ጫፉ ተነክሮ ቢቆም ቀለሙ ወደ ላይ እየተሳበ ቢጫው ከአረንጓዴው ይለያል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሚኻይል ጽቬት በ20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ የቅጠል ቀለሞችን የለየው በዚህ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ ነው። እሱ ግን በወረቀት ፈንታ በጠመኔ ዱቄት የተሞላ የመስታወት ቱቦ ተጠቅሟል።

ብርሃን ሲበዛስ?

እስካሁን ያወራነው ብርሃን ስለ መያዝ ነው። ለብዙ ቅጠል ግን ችግሩ ማነስ ሳይሆን መብዛት ነው። የስንዴ ወይም የገብስ አንድ ቅጠል የቀትሩን ፀሐይ ግማሽ ያህል ሲያገኝ አቅሙ ይሞላል። ከዚያ በላይ የገባው ብርሃን ሥራ የለውም። ማሽላ፣ በቆሎና ጤፍ ብዙ ብርሃን ይችላሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ወሰን አላቸው።

ሥራ ያጣ መነቃቃት አደገኛ ነው። ክሎሮፊል የሚያቀብለው ሲያጣ መነቃቃቱ ትሪፕሌት ወደሚባል ረጅም ዕድሜ ወዳለው ዓይነት ይለወጣል። ይህ ደግሞ ኃይሉን ለኦክስጅን ይሰጣል። ኦክስጅን ደግሞ ቅጠሉ ውስጥ ሞልቷል፤ እዚያው ነዋ የሚመረተው! ኃይሉን የተቀበለው ኦክስጅን ሲንግሌት ኦክስጅን ይባላል። ያገኘውን ስብና ፕሮቲን ሁሉ ያበላሻል።

ካሮቲኖይድ እዚህ ላይ ይደርሳል። የራሱ የትሪፕሌት እርከን ኦክስጅንን ለመቀስቀስ ከሚያስፈልገው ኃይል በታች ነው። ስለዚህ ከክሎሮፊሉ አደገኛውን መነቃቃት ይረከበዋል፤ ለኦክስጅን ግን ማቀበል አይችልም። ሙቀት አድርጎ ይበትነዋል። አምልጦ የተፈጠረ ሲንግሌት ኦክስጅን ካለም ያረጋጋዋል። ይህን በደንብ ለመሥራት ሰንሰለቱ ቢያንስ ዘጠኝ ያህል ተከታታይ ድርብ ትስስር ይፈልጋል። ያጠረ እንደሆነ እርከኑ ከፍ ይልና አይሆንም። ቢጫ ያደረገው ርዝመት ነው ጠባቂም ያደረገው።

ካሮቲኖይድ ባይኖር ምን እንደሚሆን በ1955 ታይቷል። ፎቶሲንተሲስ የሚሠሩ ሐምራዊ ባክቴሪያዎች አሉ። ባለቀለም ካሮቲኖይድ መሥራት ያልቻለ አንድ ዝርያቸው ብርሃን ብቻ ሲያገኝ ኖረ፤ አየር ብቻ ሲያገኝም ኖረ። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያገኝ ሞተ። በተክልም ያው ነው። ኖርፍሉራዞን የሚባል የአረም መድኃኒት የሚገድለው ካሮቲኖይድ እንዳይሠራ አድርጎ ነው። አዲስ የወጣው ቅጠል እንደ ወረቀት ነጭ ይሆናል። መድኃኒቱ ክሎሮፊልን አልነካም። ክሎሮፊሉ ጠባቂ አጥቶ ፀሐይ ላይ ጠፋ እንጂ።

ይህን ወደ ደሴ እናምጣው። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሌሊቱ ይበርዳል፤ አንዳንዴ ውርጭ ይጥላል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ግን ጦሳ ተራራ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐዩ ያንጸባርቃል። ለቅጠል ከዚህ የከፋ ሰዓት የለም። ብርሃን መያዝ ቅዝቃዜ አያግደውም፤ ቀለሞቹ በብርድም በሙቀትም እኩል ይይዛሉ። ስኳር የሚሠሩት ኢንዛይሞች ግን ሲበርዳቸው ይለግማሉ። የገባው ብርሃን ወጪ ያጣል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደን 1,850 ሜትር አካባቢ ያለችው ኮምቦልቻ ብንደርስ ጠዋቱ ሞቅ ያለ ስለሆነ ጭንቀቱ ይቀልላል። በደጋ ገብስና ባቄላ ላይ የካሮቲኖይድ ጥበቃ የሚፈተነው በእንዲህ ያለው ጠዋት ነው።

ቅጠሉ ለዚህ የተዘጋጀ ዘዴ አለው። ብርሃን ሲበዛ ክሎሮፕላስት (ክሎሮፊሉ የሚገኝበት የሕዋስ ክፍል) ውስጥ ታይላኮይድ የሚባሉት ከረጢቶች ውስጣቸው ይኮመጥጣል፤ አሲድ ይሆናል። አሲዱ አንድ ኢንዛይም ያነቃል። ኢንዛይሙ ከቫዮላዛንቲን ላይ ሁለት ኦክስጅኖችን አንድ በአንድ ያነሳና ወደ ዚያዛንቲን ይለውጠዋል። ቫዮላዛንቲን ዘጠኝ ተከታታይ ድርብ ትስስር አለው። ዚያዛንቲን ደግሞ 11። ሰንሰለቱ በሁለት ረዘመ ማለት ነው። ዚያዛንቲን ሲበዛ ብርሃን ሰብሳቢው ፕሮቲን ባሕርዩን ለውጦ ትርፉን ኃይል ገና ክሎሮፊል ላይ እያለ ሙቀት አድርጎ ማውጣት ይጀምራል። ኃይሉ በትክክል የት ላይ ወደ ሙቀት እንደሚለወጥ ሳይንቲስቶች ዛሬም ይከራከሩበታል። ለውጡ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ብርሃኑ ሲቀንስ ቀስ ብሎ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ብርድ በጠናበት ቦታ ዚያዛንቲኑ ሌሊቱን ሙሉ ሳይመለስ ሊያድር ይችላል። ዛፍ ጫፍ ላይ ፀሐይ የሚመታው ቅጠልም ከውስጥ ጥላ ላይ ካለው የበለጠ የእነዚህ ዛንቶፊሎች ክምችት አለው።

ደመና ሲመላለስ ምን ይሆናል?

መመለሱ ቀስ ማለቱ ጣጣ አለው። ክረምት ላይ ፀሐይ ብልጭ ይላል፣ ደመና ይሸፍነዋል፣ እንደገና ብልጭ። ደመናው ሲመጣ ብርሃኑ በቅጽበት ይቀንሳል። ቅጠሉ ግን አሁንም ትርፍ የመጣል ሥራ ላይ ነው። ያቺን ጥቂት ብርሃን ሳይቀር ይጥላታል። ምርት የሚባክንበት አንዱ ቀዳዳ ይህ ነው።

በ2016 ተመራማሪዎች ትምባሆ ላይ ከዚህ ዘዴ ጋር የተያያዙ ሦስት ዘረ መሎችን አበርትተው ቅጠሉ ቶሎ እንዲመለስ አደረጉ። ማሳ ላይ የተክሉ ደረቅ ክብደት 15 በመቶ ያህል ጨመረ። በ2022 ደግሞ አኩሪ አተር ላይ በአንድ የምርት ዘመን እስከ 33 በመቶ የፍሬ ጭማሪ ተገኘ። ይህ ዜና ሲወጣ ብዙ ጉራ ተነዝቶበታል። በሌላ ተክል ላይ ተሞክሮ ጭማሪ ያልታየበት፣ እንዲያውም ዕድገቱ የቀነሰበትም አለ። ስለዚህ የምርት ጥያቄ ተፈታ የሚል ርዕስ ያየ ሰው ትንሽ ይታገሥ።

አቀንጭራ እዚህ ውስጥ ምን አገባው?

ይገባል። ወሎ ውስጥ ማሽላ የሚዘራ ገበሬ አቀንጭራ የሚባለውን አረም ያውቀዋል። ሐምራዊ አበባው ያምራል፤ ሥሩ ግን የማሽላውን ሥር ይዞ ይመጠምጠዋል። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው። አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ተኝቶ ይጠብቃል። የሚነሳው የማሽላ ሥር አጠገቡ ሲደርስ ነው። እንዴት ያውቃል? ከሥሩ የሚወጣ ኬሚካል ይነግረዋል።

የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ኬሚካል በ1966 ከጥጥ ሥር ተለይቶ ወጣ። ቤተሰቡ ስትሪጎላክቶን ይባላል። ከምን እንደሚሠራ የታወቀው ግን በ2005 ነው፤ ከካሮቲኖይድ። ተክሉ ቤታ ካሮቲንን ይወስድና ያንኑ ሰንሰለት በኢንዛይም ቆራርጦ ነው የሚሠራው። ቅጠል ላይ ብርሃን የሚይዘው ሞለኪውል ሥር ላይ ተቆርጦ መልእክት ይሆናል።

ማሽላው ጠላቱን የሚጠራው ሞኝ ሆኖ አይደለም። ኬሚካሉ የተላከው ለሌላ ነው። አፈር ውስጥ ፎስፈረስ ፈልገው ለሥሩ የሚያመጡ ጠቃሚ ፈንገሶች አሉ። ተክሉ የሚጠራው እነሱን ነው። አቀንጭራ ጥሪውን ሰምቶ ይመጣል። ፎስፈረስ ባነሰ ቁጥር ተክሉ ጥሪውን ያበዛል። የተራቆተ መሬት ላይ አቀንጭራ የሚበረታበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ፍግና ማዳበሪያ ያገኘ ማሳ ላይ ጥሪው ይቀንሳል።

ትውልደ ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ የሠሩትም በዚህ በኩል ነው። አቀንጭራን የሚቀሰቅሰውን ኬሚካል በጣም ጥቂት የሚያወጡ የማሽላ ዝርያዎችን መርጠው አዳቀሉ። ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች ኢትዮጵያ ውስጥ የተለቀቁት ከዚህ ሥራ ነው። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው። ማሽላቸው ካሮቲኖይዱን አላጣም፤ ቅጠሉም እንደ ሌላው አረንጓዴ ነው። የተለየው ከሥሩ የሚወጣው ነው፤ የአቀንጭራ ዘር አጠገቡ ተኝቶ እያለ አይነቃም።